በአይጥ የተፈተነ የፍራፍሬ ዱቄት ለልጄ አንጀት ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የ24 ዓመት ልጄ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት አንጀቷ በካሜራ (በኮሎኖስኮፒ) ታይቶ አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባል የትልቁ አንጀት ቁስለት አለባት ተባለ። ሜሳላዚን የሚባል እንክብል ትወስዳለች። ደኅና ትሰነብትና አልፎ አልፎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመለስባታል። ሰሞኑን የሥራ ባልደረባዋ ከሮማን ልጣጭና ከሌሎች ፍራፍሬዎች የተዘጋጀ ዱቄት አመጣችላት። ‹በአይጥ ተሞክሮ የአንጀት ብግነትን በግማሽ ቀንሷል› የሚል ጽሑፍም አብሮት አለ። ጽሑፉን አነበብኩት፤ ፎቶዎቹ ያሳምናሉ። ልጄ መድኃኒቱን ትታ ይህን ልትጀምር አስባለች። ሰው አምኖ ሊቀበለው የሚገባው ምን ዓይነት ሙከራ ነው? ፍራፍሬስ ጉዳት ሊኖረው ይችላል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ መልሴ ይረዝማል። ረጅሙን አንብበው እስኪጨርሱ ልጅዎ ውሳኔ ላይ እንዳትደርስ ግን ዋናውን ላስቀድም፦ ሜሳላዚኑን አታቁም። ዱቄቱን ለመሞከር ብትቆርጥ እንኳ ከመድኃኒቱ ጋር ደርባ እንጂ በመድኃኒቱ ምትክ አይሁን።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ሕመሙ የተኛላቸውን 99 የአልሰረቲቭ ኮላይተስ ታማሚዎች ተከታትሎ ነበር። ሜሳላዚናቸውን በአግባቡ ያልወሰዱት ሰዎች ሕመሙ የሚቀሰቀስባቸው ዕድል በአግባቡ ከወሰዱት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ሲያመው ሳይሆን ሲሻለው ነው፤ የዚህ መድኃኒት ትልቁ ሥራ ደግሞ ሰውየው ደኅና በሆነበት ጊዜ የሚሠራው ነው። «አልፎ አልፎ ይመለስባታል» ብለዋል። ከመመለሱ በፊት ባሉት ሳምንታት ስንት ቀን እንደዘለለች፣ ሳይቆጡ፣ በእርጋታ ይጠይቋት። መድኃኒት ቤት አጥታ ይሆናል፤ ዋጋው ከብዷት ለመናገር አፍራም ይሆናል።

እኔ የመድኃኒት ምርምር ባለሙያ ነኝ፤ ታማሚ አላክምም። ሥራዬ ከዕፅዋት የሚወጡ ነገሮችን ላብራቶሪ ውስጥ መፈተን ነው፤ የምሠራውም ጥቁር አንበሳ አካባቢ ስለሆነ ከሰፈርዎ ሩቅ አይደለሁም። ስለዚህ ስለ አይጦቹ የምነግርዎ በእጄ ይዤ ያየሁትን ነው።

አስቀድሜ ግን ሐሳቡ ራሱ ከንቱ እንዳልሆነ ልንገርዎ። ሮማንን፣ አጋምን፣ እንጆሪን የሚያቀሉትና የሚያጠቁሩት፣ ልጣጫቸውንም አፍ የሚይዝ የሚያደርጉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ውህዶች ናቸው። አብዛኞቹ በቀጭኑ አንጀት ብዙም ስለማይመጠጡ ሳይነኩ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ። አልሰረቲቭ ኮላይተስ ደግሞ የሚያጠቃው ትልቁን አንጀት ነው። ለሌላ በሽታ ቢሆን «ወደ ደም አይገባም» ብለን የምንጥለው ነገር እዚህ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ቁስሉ ካለበት ቦታ በራሱ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል። የሮማኑ ውህድ ለምሳሌ ዩሮሊቲን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። ይህን የሚለውጠው ባክቴሪያ ግን ሁሉም ሰው አንጀት ውስጥ የለም። አንድ ብርጭቆ የሮማን ጭማቂ ለሁለት እህትማማቾች ቢሰጥ ሆዳቸው ውስጥ ሲደርስ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አገራችንም ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ እንግዳ አይደለችም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። እንዶድ እንግዲህ ፍሬ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። አክሊሉ ያየውን ይዞ ወደ ላብራቶሪ ገባ፤ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ሰዓት፣ ሌላውን ፍጥረት ሳይጎዳ ይገድላል ወይ እያለ ሲመረምር ዓመታት ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ማንሳቴ ወንዝ ዳር የታየ ነገር ዕውቀት የሚሆነው ልክና ማወዳደሪያ ሲገባበት መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ቀንድ አውጣ የገደለ እንዶድ ሰው ሲጠጣው መርዝ ነው፤ አንዱ ጋ መሥራቱ ሌላው ጋ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ አይጦቹ እንምጣ። ያነበቡት ጽሑፍ ውስጥ ዲ ኤስ ኤስ የሚል ቃል ሳያጋጥምዎ አይቀርም። በሙሉ ስሙ ዴክስትራን ሰልፌት ሶዲየም ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ካስተዋወቁት ወዲህ በአይጥ የሚሠራ ብዙ የአንጀት ብግነት ጥናት በእሱ በኩል ያልፋል። የአይጦቹን አንጀት ሆን ብለን የምናሳምምበት ነጭ የዱቄት መርዝ ነው። በመቶ ከሁለት እስከ አምስት እጅ ያህሉን ከአይጦቹ መጠጥ ውኃ ጋር እንቀላቅላለን፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይጠጡታል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ኩሳቸው ይላላል። በአምስተኛው ቀን ጅራታቸው ሥር ደም ይታያል። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ ክብደታቸው በየቀኑ ይወርዳል፤ ፀጉራቸው ይቆማል፤ ጥግ ይዘው ይኮማተራሉ። መጨረሻ ላይ ትልቁን አንጀት አውጥተን እርጥብ ወረቀት ላይ ከማስመሪያ ጎን እናጋድመዋለን። የጤነኛ አይጥ አንጀት ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡም ልክ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደረ ኩስ ይታያል። የታመመው ወደ አምስትና ስድስት ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ያብጣል፤ ከዶቃው ይልቅ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይይዛል። ያሳመኑዎት ፎቶዎች እነዚህ ናቸው። አጭሩ አንጀት፣ ረጅሙ አንጀት፣ መካከላቸው ማስመሪያ። ፎቶው እውነት ነው። ጥያቄው አንጀቱን ያስረዘመው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ይህን በራሴ ሥራ ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ላብራቶሪ፣ የአንድ የዱር ፍሬ ኤክስትራክት (ከፍሬው የወጣ ጭምቅ) ሰጡኝና በአይጥ እንድፈትነው አዘዙኝ። መርፌ ላይ የሚሰካ ቀጭን ቱቦ በአፋቸው እየሰደድን ለእያንዳንዷ አይጥ ማጠጣት ጊዜ ስለሚወስድ ኤክስትራክቱን ዲ ኤስ ኤስ ካለበት ጠርሙስ ውስጥ አብረን ጨመርነው። ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ፍሬውን ያገኙት አይጦች ክብደታቸው አልወረደም፣ ደምም አልታየባቸውም። ደስታችን ሳምንት አልቆየም። የቤተ ሙከራው ረዳት የነበረች እህት ጠርሙሶቹን በየቀኑ ትመዝን ኖሮ፣ የመዘገበችበትን ደብተር አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አንድ አይጥ በቀን አራት አምስት ሚሊ ሊትር ውኃ ይጠጣል። የእኛ ፍሬ ጎምዛዛ ስለነበር ኤክስትራክቱን ያገኙት አይጦች የዚያን ግማሽ እንኳ አልጠጡም። መርዙም ያለው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ፍሬው አላዳናቸውም፤ መርዙን እንዳይጠጡ ነው ያደረጋቸው። ሥራውን እንደገና፣ በቱቦ እየሰጠን፣ ስንሠራው ልዩነቱ ጠፋ። ያቺ እህት ጠርሙሶቹን ባትመዝን ኖሮ እርስዎ ያነበቡትን የመሰለ ጽሑፍ በስሜ ወጥቶ ዛሬ የአንድ ሰው ልጅ ታምንበት ነበር። ይህ አሁንም ያስደነግጠኛል።

ስለዚህ ጽሑፉን እንደገና ሲከፍቱት መጀመሪያ ይህን ይፈልጉ፦ አይጦቹ የጠጡት ውኃ ተለክቷል ወይ? ኤክስትራክቱ የተሰጠው ከመርዙ ጋር ተቀላቅሎ ነው ወይስ ለብቻው?

ቀጥሎ መቼ እንደተሰጠ ይዩ። ለልጅዎ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። አብዛኛው የፍራፍሬ ሙከራ አይጦቹን ገና ጤነኛ ሳሉ፣ መርዙ ከመጀመሩ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ፍሬውን መመገብ ይጀምራል። አንጀቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። ልጅዎ ግን ዓመት ከመንፈቅ የታመመች ናት። ቤት ሳይቃጠል ግድግዳውን ማርጠብና የሚነድን ቤት ማጥፋት አንድ ሥራ አይደለም። በዚያ ላይ የዲ ኤስ ኤስ አይጥ መርዙ ሲቋረጥ በራሱ ይድናል፤ ንጹህ ውኃ ከተሰጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደቱ ይመለሳል። የልጅዎ ሕመም እንዲህ አይደለም፤ የሚቆሰቁሰው የገዛ ራሷ የመከላከያ ሥርዓት ነው። ተመራማሪዎች ሊምፎሳይት የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት የሌሏቸውን አይጦች ወስደው ዲ ኤስ ኤስ ሲሰጧቸው እነሱም ታመዋል። ይህ የሚነግረን መርዙ በዋናነት የአንጀቱን ገጽ እንደሚልጠው ነው፤ ለቃጠሎ እንጂ ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ አይቀርብም። በዲ ኤስ ኤስ መፈተን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚመልሰው ግን «ይህ ነገር የአንጀትን ገጽ ይጠብቃል ወይ?» የሚለውን እንጂ «ታማሚ ይፈውሳል ወይ?» የሚለውን አይደለም።

ሌላው የቤቱ ጉዳይ ነው፤ የአይጦቹን ሳጥን ማለቴ ነው። አይጥ የጓደኛውን ኩስ ይበላል። በአንድ ሳጥን የሚኖሩ አምስት አይጦች የአንጀታቸው ባክቴሪያ እየተመሳሰለ ይሄዳል። ፍሬውን ያገኙት አምስቱ በአንድ ሳጥን፣ ያላገኙት አምስቱ በሌላ ሳጥን ከሆኑ አሥር አይጥ ተፈተነ አይባልም፤ የተፈተነው ሁለት ሳጥን ነው። ልዩነቱ የፍሬው ይሁን የሳጥኑ ማንም አያውቅም። በማይክሮስኮፕ ቁስሉን ነጥብ የሰጠው ሰውም የትኛው አይጥ ምን እንደበላ እያወቀ ነጥብ ሰጥቶ ከሆነ፣ ሰው ነውና ዓይኑ ወደሚመኘው ይጎትተዋል።

መጠኑን ደግሞ በእርሳስ አብረን እናስላው። ለአይጥ በኪሎ ግራም ክብደት 200 ሚሊ ግራም ተሰጠ እንበል። ብዙ ሰው ይህን በልጁ ክብደት በቀጥታ ያባዛዋል፤ 60 ኪሎ ከሆነች 12 ግራም ይመጣል። ስሕተት ነው። ትንሽ እንስሳ ሁሉን ነገር በፍጥነት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከአይጥ ወደ ሰው ሲኬድ በ12.3 ይካፈላል። 200 ሲካፈል 16 ገደማ፣ በ60 ሲባዛ አንድ ግራም አይሞላም። በቀጥታ ያባዛ ሰው ለልጁ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰጣታል። በተቃራኒው ደግሞ ከጁስ ቤት አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ጽሑፉ ላይ ያለውን መጠን አገኘሁ ብሎ ማሰብም ልክ አይደለም። ዱቄቱ ዕቃ ላይ በአንድ ማንኪያ ውስጥ ምን ያህል ፖሊፌኖል እንዳለ ካልተጻፈ ስሌቱን መጀመርም አይቻልም።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ኮርቲዞን የሚባለውን ስቴሮይድ በ210 የአልሰረቲቭ ኮላይተስ ታማሚዎች ላይ ፈተኑ። ለግማሾቹ ገደማ ኮርቲዞን፣ ለቀሩት መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ እንክብል ሰጡ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ኮርቲዞን ከወሰዱት ከመቶ 41 ያህሉ ሕመሙ ተኛላቸው፤ መድኃኒቱ በእርግጥ ይሠራ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 16 ያህሉም ሕመሙ ተኝቶላቸዋል። ይህ በሽታ በተፈጥሮው ይነሣል፣ ይተኛል። ሰው አዲስ ነገር የሚጀምረው ደግሞ ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ መሻል ነው። በዚያ ሰሞን የጀመረችው ዱቄት፣ ጠበል ወይም ሻይ ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል።

ቢልቤሪ የሚባል ጥቁር ሰማያዊ የአውሮፓ የዱር ፍሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዙሪክ ሐኪሞች ለ13 የአልሰረቲቭ ኮላይተስ ታማሚዎች ለስድስት ሳምንት ሰጥተው ውጤቱን አሳተሙ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ተኛላቸው፤ በሰገራቸው የሚለካው የብግነት ምልክትም ወረደ፤ ፍሬው ሲቆም ተመልሶ ወጣ። ተስፋ ሰጪ ነበር፤ እኔም ተማሪዎቼን ሰብስቤ አንብበነዋል። ማወዳደሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። እነዚያው ተመራማሪዎች፣ የሚያስመሰግናቸው ይህ ነው፣ አልተኙም፤ የፍሬውን ኤክስትራክት ከባዶ እንክብል ጋር አወዳደሩት። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው በዚህ ሁለተኛ ጥናት ኤክስትራክቱ በዋናው መለኪያ ከባዶው ሊበልጥ አልቻለም። ጥናቱ ትንሽ ስለነበር በሩ ጨርሶ ተዘጋ አልልም። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰውና ሁለቱን ያነበበ ሰው ግን ለልጃቸው የሚሰጡት ምክር አንድ አይሆንም።

በማንጎም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሥር ታማሚዎች ከመደበኛ መድኃኒታቸው በተጨማሪ በቀን ከ200 እስከ 400 ግራም ማንጎ ለስምንት ሳምንት እንዲበሉ አድርጎ መሻሻል አይቷል። እዚህም ማወዳደሪያ አልነበረም። መልካም ጅምር ከማለት አላልፍም።

ከዕፅዋት ወገን እስካሁን ጠንከር ያለው ማስረጃ ከፍሬ ሳይሆን ከሥር የመጣ ነው፤ ከእርድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ሜሳላዚን እየወሰዱ ሕመሙ አልተኛ ያላቸው 50 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ከእርድ የሚወጣውን ኩርኩሚን በቀን ሦስት ግራም ከወሰዱት መካከል 14ቱ በአንድ ወር ውስጥ ሕመሙ ተኛላቸው፤ ባዶውን ከወሰዱት ግን አንድም ሰው የለም። ሁለት ነገር ልብ ይበሉልኝ። ማንም ሜሳላዚኑን አላቆመም፤ ኩርኩሚኑ የተጨመረው በላዩ ነው። ሦስት ግራም ኩርኩሚንም ሦስት ግራም እርድ አይደለም፤ ከመቶ ግራም የእርድ ዱቄት የሚገኘው ኩርኩሚን ሦስት ግራም ገደማ ነው። በወጥ ውስጥ ከምንጨምረው ጋር አይገናኝም። እርሱንም ቢሆን ሐኪሟ ሳያውቅ አትጀምር።

አንድ ጥናት አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ቢባል፣ ከውጭ የመጣ የጥናት መመሪያ የማይነግረን አንድ ነገር አለ፤ ጾም። ልጅዎ የምትጾም ከሆነ በሑዳዴ 55 ቀን ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት ይበዛል። አዋቂ ሆኖ ወተት የማይስማማው ሰው በአገራችን ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዱቄቱን በቅበላ ማግሥት ቢጀምር በሁለተኛው ሳምንት ሆዱ ጸጥ ይላል፤ ምስጋናው ለዱቄቱ ይሆናል። ፋሲካ ሲውል ይብስበትና «ዱቄቱ ስላለቀብኝ ነው» ይላል። ይህን ባለማስተዋል ብዙ ጥሩ የሚመስል ወሬ ይወለዳል።

ፍራፍሬ ምን ጉዳት አለው ላሉት፣ ፍራፍሬው ራሱ ያን ያህል አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዱቄቱ ነው። በተለያዩ አገሮች «የተፈጥሮ» ተብለው የተሸጡ ዱቄቶች ሲመረመሩ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ተቀላቅሎባቸው ተገኝቷል። እነዚህ የአንጀትን ብግነት በእርግጥ ያወርዳሉ፤ ለዚህም ነው ሻጩ የሚጨምራቸው። ዱቄቱ በቀናት ውስጥ ተአምር ከሠራ፣ የምግብ ፍላጎቷ ድንገት ከጨመረ፣ ፊቷ ከሞላና ከከበበ አትደሰቱ፤ ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። በድንገት ማቆሙም አደጋ ስላለው ሐኪሙ ነው መንገዱን የሚያሳያት።

የሮማን ልጣጭ ታኒን የሚባል አፍ የሚይዝ ውህድ ይበዛበታል። ተቅማጥን ያደርቃል፤ ጥንት እናቶቻችንም ለዚህ ያውቁታል። ተቅማጥ መድረቁ ግን ቁስሉ መዳኑን አያሳይም። ታኒን የብረት ማዕድንን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል፤ ደም ለሚፈሳትና ምናልባትም የደም ማነስ እንክብል ለምትወስድ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢያንስ ሰዓቱን ታራርቀው፤ ቡናውንም ጭምር። ወደፊት ቡዴሶናይድ የሚባል መድኃኒት ከታዘዘላት ግሬፕ ፍሩት አትጠጣ፤ መድኃኒቱን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያዳክም ደሟ ውስጥ ያለው መጠን ከሚገባው በላይ ይወጣል። በለስ (የቁልቋል ፍሬ) ከወደደች ፍሬውን ከእነ ዘሩ አብዝታ አትብላ፤ ዘሩ ተጠራቅሞ አንጀት ሲዘጋ በሐኪም ቤት የሚታይ ነገር ነው።

ልጅዎ ከሁሉ በኋላ «እኔ ልሞክረው» ካለች አትከልክሏት፤ ተደብቃ እንዳትወስደው ግልጹ ይሻላል። በሥርዓት ግን ትሞክረው። በሰገራ የሚለካ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ምርመራ አለ። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮ ግራም በታች ከሆነ አንጀቱ ጸጥ ብሏል፤ ከ250 በላይ ከሆነ ብግነት አለ ይባላል። ስሜቷ ሊያታልላት ይችላል፤ ይህ ቁጥር ግን የዱቄቱን ስም አያውቅም። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ሜሳላዚኗን ሳትዘል፣ ጾምም ሆነ በዓል አመጋገቧን በማይለውጥበት ሰሞን፣ መጀመሪያ ካልፕሮቴክቲን ታሠራ። ከዚያ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ዱቄቱን ትውሰድ፤ ሌላ አዲስ ነገር አትጨምር። በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደወጣች፣ ደም እንደነበረ፣ ሌሊት እንደቀሰቀሳት በደብተር ትጻፍ። ሲያበቃ እንደገና ታሠራ፤ ከዚያ ዱቄቱን ለሁለት ወር ታቁምና ለሦስተኛ ጊዜ ታሠራ። ሲጀመር ወርዶ ሲቆም የወጣ ቁጥር ካገኛችሁ ከሐኪሟ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይገባል። መምህር ስለሆኑ ደብተሩን እርስዎ ይያዙላት።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ዱቄቱ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ማን እንዳመረተው፣ መቼ፣ በምን፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ ዕቃው ላይ ይዩ። ስያሜ የሌለው ፌስታል ከሆነ ሙከራው እዚያው ያብቃ።

ሌላም አለ፤ በዚህ ከተማ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ የኮላይተሱ መመለስ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። አሜባ አለ፤ ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ኮላይተስ ያለበትን ሰውም እነዚህ እንደማንም ሰው ይይዙታል። አሜባን ኮላይተስ ነው ብሎ ስቴሮይድ መስጠት አንጀት እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በተመለሰባት ቁጥር መጀመሪያ ሰገራዋ ትኩስ ሆኖ ይታይ። ትኩሳት ካላት፣ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ካየች፣ ልቧ ቶሎ ቶሎ ከመታ የዱቄቱም የጽሑፉም ነገር ይቅርና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ማንጎውን ግን ትብላ፤ ፓፓያውንም። ቤት ውስጥ በንጹህ ውኃ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ስኳር ሳይጨመርበት። የጁስ ቤት ስፕሪስ የምትወድ ከሆነ ሕመሙ በተነሣባት ሰሞን ብቻ ትተወው፤ በትልቅ ብርጭቆ የሚገባው የማንጎ ፍሩክቶስና ስኳር በራሱ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ እናንተም ብግነቱ መጣ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ጽሑፉን በድጋሚ ካነበቡት በኋላ አይጦቹ ፍሬውን ከመታመማቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ የጀመሩት፣ ያገኙትን ይጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።